ማንገቻ የሌለው የጡት መያዣና ከባድ ጡት ያላቸው ሴቶች

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ጥር ሲገባ፣ ከፋሲካም በኋላ፣ የሠርግ ወቅት ይደርሳል። ሙሽራዋ ለመልስ የአገር ባህል ቀሚስና ካባ ብትለብስም በሠርጉ ዕለት በከተማው ብዙ ጊዜ የምትታየው በነጭ ቬሎ ነው። ትከሻው ገላጣ የሆነ ቬሎ ሲመረጥ ከሥሩ የሚለበሰው የጡት መያዣም ማንገቻውን ማጣት ግድ ይሆንበታል። ሚዜዎችም ተመሳሳይ ልብስ ከተሰፋላቸው ችግሩን ይጋሩታል። ጡቷ አነስተኛ ለሆነ ሴት ይህ የአለባበስ ምርጫ ብቻ ነው። ጡቷ ከባድ የሆነች ሴት ግን በሠርጉ ማግስት የጎን ውጋትና የቆዳ መላላጥ፣ የምታጠባም ከሆነች የጡት መቆጣት ይዛ ወደ ጤና ተቋም ልትመጣ ትችላለች። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭና የጤና ባለሙያው ምን ሊረዳ እንደሚችል ለማብራራት ይሞክራል። ጉዳዩ የልብስ ሰፊ እንጂ የሐኪም አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ቀጥሎ ስለ ክብደቱ የተባለውን እስኪያነብ ድረስ ፍርዱን እንዲያቆይ እንጠይቃለን።

ክብደቱን የሚሸከመው ማን ነው?

ጡትን ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ በጡት ውስጥ የለም። ጡት ከወተት ዕጢ፣ ከስብና ከአያያዥ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ ሆኖ በትልቁ የደረት ጡንቻ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ቅርጹን የሚጠብቁት ቆዳውና እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1840 ባሳተመው ሥራ የገለጻቸው፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠሩት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። የጡት ሕብረ ሕዋስ አንድ ሊትር ያህሉ ሲመዘን ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል። ስለሆነም በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያላት ሴት ከደረቷ ፊት ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክማ ትውላለች ማለት ነው።

ጭነቱን የሚያከብደው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ከአካል የሚርቀው ርቀትም ጭምር ነው። ሦስት ኪሎ ጤፍ ደረት ላይ ታቅፎ መቆምና ያንኑ ጤፍ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ጡት እየተለቀ ሲሄድ ክብደቱም ወደ ፊት መውጣቱም አብረው ስለሚጨምሩ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን በጀርባና በአንገት ጡንቻዎች ላይ የሚያርፈው ጫና ከእጥፍ ይበልጣል።

ማንገቻ ያለው የጡት መያዣ ይህን ጭነት በሁለት መንገድ ያከፋፍላል፤ ከፊሉን በማንገቻው ወደ ትከሻ፣ ቀሪውን ደረትን በሚዞረው መታጠቂያ ወደ ጎድን አጥንት። በአግባቡ የተመረጠ ከሆነ ዋናውን ሸክም የሚይዘው መታጠቂያው ነው። መታጠቂያው ሲላላ ሸክሙ በሙሉ ወደ ማንገቻው ይሄዳል፤ ቀጭን ማንገቻም ትከሻ ላይ ቦይ የመሰለ ስርጉድ ምልክት ይተዋል። አንዳንዶች ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች እየተጫኑ በትንሿና በቀለበት ጣት ላይ መደንዘዝ ይሰማቸዋል። ትከሻዋን እንዲህ የሚያማት ሴት ማንገቻ የሌለውን ዓይነት እንደ እፎይታ ብትቆጥረው አያስደንቅም፤ ለትከሻዋ በእርግጥም ለጊዜው ዕረፍት ነው።

ነገር ግን ማንገቻው ሲወገድ ክብደቱ አብሮ አይወገድም። ከላይ የሚያንጠለጥለው ስለሌለ የጡት መያዣው ሳይወርድ የሚቆየው በሰበቃ፣ ማለትም መታጠቂያው ቆዳን አጥብቆ በመያዙ ብቻ ነው። ሰበቃውን ለማብዛት ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጡቱ ከባድ ሲሆን የፊቱ ክፍል ወደ ታች ሲጎተት የኋላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቷም በየጊዜው ወደ ላይ ስትስበው ትውላለች። በእስክስታ አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትከሻና ደረት በኃይል በሚነቃነቁበት በጎጃም ጭፈራ ላይ ከባድ ጡትን በሰበቃ ብቻ ይዞ ማቆየት የሚቻል አይመስለንም። መውረዱን ስለምትፈራ ከልኳ በታች የሆነውን ገዝታ እስትንፋሷ እስኪያጥር ትቆልፈዋለች፤ ከዚያም ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት አጉብጣ ትውላለች። የማግስቱ የአንገትና የጀርባ ሕመም አንዱ ምንጭ ይኸው አቋቋም ነው።

በባለሙያው ፊት የሚቀርቡ ችግሮች

የደረት መጥበቅ አንዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነዋሪዋ ለዚህ የተላመደች ብትሆንም የጎድን አጥንቶቿ እንዳይሰፉ ታስረው በምትጨፍርበት ሰዓት ትንፋሽ ቢያጥራት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሌላ አካባቢ ለሠርግ የመጣች እንግዳ የበለጠ ልትቸገር ትችላለች። ሆኖም መታጠቂያው ተፈትቶም የማይተዋት የትንፋሽ ማጠር በልብስ ሊሳበብ አይገባም፤ መመርመር አለባት።

ሁለተኛው የቆዳ ችግር ነው። ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ላብ ስለሚይዝና ቆዳ ከቆዳ ጋር ስለሚፋተግ በቀላሉ ይቀላል፣ ይልሳል። በቀላው ቆዳ ዙሪያ ትንንሽ ሽፍታዎች ከታዩ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ማንገቻ በሌላቸው አንዳንድ የጡት መያዣዎች የውስጥ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው የሲሊኮን ጥብጣብ እንዳይንሸራተት ቢረዳም ላብ ያፍናል፤ ቆዳንም ሊያስቆጣ ይችላል። ገንዘብን በጡት መያዣ ውስጥ ማስቀመጥም ፍትጊያውን ያብሳል። ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም፤ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ በእጥፋቱ መካከል ንጹሕ ስስ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ፣ ፈንገስ ካለም የክሎትሪማዞል ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። እየደጋገመ ለሚመጣ ግን የደም ስኳር መለካት አይዘንጋ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻት የምታጠባ እናት ናት። ጠባብ መታጠቂያ ወይም ጡት ላይ የሚያርፍ ሽቦ ወተቱ እንዳይወርድ ያግዳል፤ በሠርግ ግርግር ሕፃኑ ሳይጠባ ሰዓታት ካለፉ ደግሞ ወተቱ ተጠራቅሞ ጡቱ ይጠጥራል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትም ሊከተል ይችላል። ለእንዲህ ያለች እናት ማንገቻ የሌለው የጡት መያዣ ባይለበስ ይመረጣል። ከለበሰችም ሕፃኑ በሚጠባበት ሰዓት ሁሉ አውልቃ እንድታጠባ ልትመከር ይገባል። ጡቱ ከተቆጣ ማጥባቱ አይቋረጥም፤ በኃይል ማሸትም አይመከርም። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያልተሻለ መቅላትና ማበጥ፣ በተለይ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል፣ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ስለ ካንሰር ከተነሣ፣ የጡት መያዣ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ በከተሞቻችን ይሰማል። በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ ያረጡ ሴቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ውጤት በጡት መያዣና በጡት ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኙም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ በጡቷ ትልቅነት የምታፍር ሴት ለምርመራ መገለጥን ትሸሻለች፤ እብጠት ቢኖርም ሳይታወቅ ይቆያል።

ስለ ምክርና ስለ ልክ

ጡት በእኛ ዘንድ በግልጽ የሚነገርበት ጉዳይ ባለመሆኑ ሴቲቱ የምትናገረው ጀርባዬን፣ ትከሻዬን ብላ ነው፤ ማስታገሻ ተሰጥቷት ትመለሳለች። «የጡትዎ ክብደት ያስቸግርዎታል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፣ ቢቻል በሴት ባለሙያ፣ በተከለለ ቦታ ትከሻውንና የጡቱን ሥር ማየት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል።

ልክ ለመውሰድ የሰፊ ሜትር ይበቃል። አንዱ ልኬት ከጡት ሥር፣ ሁለተኛው ጡቱ ይበልጥ በወጣበት ዙሪያ ይወሰዳል። መታጠቂያው ሲቆለፍ ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ እጅ ወደ ላይ ሲነሣም ከቦታው የማይነቃነቅ መሆን አለበት። አዲስ ከሆነ በውጭኛው መቆለፊያ ይጀመራል፤ ላስቲኩ ሲላላ ወደ ውስጠኛው ይኬዳል። ከሳልባጅ የሚገዛው ርካሽ ቢሆንም ላስቲኩ ያለቀ ከሆነ ማንገቻ ለሌለው ዓይነት ፈጽሞ አይሆንም፤ ማንኛውም ሳልባጅ ከመለበሱ በፊትም መታጠብና ፀሐይ ላይ መድረቅ ይገባዋል።

ለሙሽራዋ የሚሻለው መፍትሔ ከልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። በቬሎው ውስጥ ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ጥብጣብና ቀጥ ያሉ ድጋፎች ሲሰፉ ክብደቱ ከጎድን አጥንት ወደ ወገብና ዳሌ ይወርዳል፤ የማይታይ መቀነት እንደ ማለት ነው። ሰፋ ያለ ማንገቻ በዳንቴል ሸፍኖ መስፋትም ይቻላል። የኪራይ ቬሎ ከሆነ ይህን ለማስተካከል ከሠርጉ ቀናት በፊት ባለቤቱን ማነጋገር ያሻል።

በትክክለኛ ልክም፣ በጀርባ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም ሕመሙ ያልቀነሰላት፣ ወይም በጉርምስና አለዚያም በእርግዝና ወቅት ጡቷ በወራት ውስጥ ከልክ በላይ የገዘፈባት ሴት ሪፈር መጻፍ ያስፈልጋታል። ጡትን የመቀነስ ቀዶ ሕክምና እንደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ያሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያላቸው ተቋማትን የሚመለከት ሲሆን፣ ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝን ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምናው በኋላ የማጥባት ችሎታን ሊቀንስ እንደሚችል ገና ላልወለደች ሴት ከመንገዱ በፊት ሊነገራት ይገባል።