ያውቁ ኖሯል? ከናይል ጀልባ ሞተር እስከ ዮአሶቢ

(በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁባ ወደብ ላይ ወደ ቦር ወይም ወደ ማላካል ሊነሣ የተዘጋጀ ጀልባ ካዩ፣ ከኋላው የተገጠመውን ሞተር ልብ ብለው ይመልከቱት። «ያማሃ» የሚል ከሆነ፣ የኩባንያው ክብ ምልክት ውስጥ የተቆላለፉት ሦስት ዘንጎች የሙዚቃ መሣሪያ የሚቃኝባቸው ሹካዎች ናቸው። የጀልባ ሞተሩም፣ የመንገዱ ሞተር ሳይክልም፣ የሠርግ ቤቱ ኪቦርድም ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው።

ሥሩም ኦርጋን ነው። በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የሚባል የእጅ ባለሙያ በጃፓን ሃማማትሱ ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን እንዲጠግን ተጠራ። ጠገነው፤ ውሎ ሳያድር ራሱም መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያውን ኦርጋን ከባልደረባው ጋር በእንጨት አንጠልጥለው፣ የሃኮኔን ተራራ አቋርጠው፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቶኪዮ ላሉ የሙዚቃ ምሁራን አደረሱት። ምሁራኑ ቅኝቱ ልክ አይደለም አሉት። ያማሃ እዚያው ቆይቶ የሙዚቃ ትምህርት ተከታተለና ተመልሶ ሌላ ኦርጋን ሠራ። እንዲህ ያለ ሰው ያቆመው ቤት ከመቶ ዓመት በላይ መዝለቁ አያስገርምም።

ጃፓን ጁባ ውስጥ ሌላም አሻራ አላት። በ2022 የተመረቀው፣ ነጭ ናይልን የሚሻገረው የነፃነት ድልድይ የተሠራው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ነው። ርዝመቱ 560 ሜትር ነው። በ2013 እና በ2016 በተነሡት ግጭቶች ሥራው ተቋርጦ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ዳግም ቀጠለ።

ወደ ሙዚቃው እንመለስ። የ1980ዎቹን ዘፈኖች ያሰማመረው ያ ጥርት ያለ፣ ደወል ደወል የሚል የኪቦርድ ድምፅ ከምን እንደተገኘ ያውቁ ኖሯል? በ1967 ጆን ቻውኒንግ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ማርገብገብ ይሞክር ነበር። ማርገብገቡን ከልክ በላይ ሲያፈጥነው ጆሮው ርግብግብታ መስማቱን ተወና ፈጽሞ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። የአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች ግኝቱን አልፈለጉትም። ያማሃ ገዛው። ከዓመታት ልፋት በኋላ በ1983 «ዲኤክስ 7» የተባለው ኪቦርድ ወጣ፦ 61 ቁልፍ፣ በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ። በዓለም ዙሪያ ከመቶ ሺህ በላይ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት «ሚዲ» መጣ። የአንድ ኩባንያ ኪቦርድ ከሌላው ኩባንያ ከበሮ ማሽን ጋር በአንድ ገመድ እንዲግባባ የሚያደርግ ስምምነት ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ሰው ኢኩታሮ ካኬሃሺ እና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ለሁሉም በነፃ ሰጡት፤ በ2013 ሁለቱም የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሽልማቱ ይልቅ በነፃ መስጠታቸው ይበልጥብኛል። ዛሬ አንድ ልጅ በመኝታ ቤቱ ሆኖ ሙዚቃ ማቀናበር የቻለው በዚያ ውሳኔ ነው።

ካሲዮስ? ሂሮኮ ኦኩዳ በ1980 ከሙዚቃ ኮሌጅ ወጥታ ካሲዮ ተቀጠረች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሬጌ ነበር። «ኤምቲ 40» ለተባለችው ትንሽ ኪቦርድ ምት እንድትሠራ ታዘዘችና «ሮክ» በሚለው ቁልፍ የሚነሣውን አጃቢ ቀመረች። በ1985 ጃማይካውያን ያንኑ ቁልፍ ተጭነው፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርገው «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ»ን ሠሩበት፤ ሬጌም ከዚያ ወዲህ ወደ ኤሌክትሮኒክስ አዘነበለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በ1966 በዝናብ ወጥቶ የተቀበለው የኪንግስተን ሕዝብ ሙዚቃ አንዱ መታጠፊያው ከቶኪዮ፣ ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ጠረጴዛ መነሣቱ ደስ አይልም?

በዚያው በ1985 የእኛ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ታዳሚው እስኪነጋ አብሮ ያድር ነበር። በ1981 ዋልያስ አሜሪካን ሲዞር ኃይሉ እዚያው ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ ባንድ አልነበረውም። የልጅነት አኮርዲዮኑን አነሣ፤ ከሥሩ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አስገባ፤ ሁሉንም ራሱ ደራርቦ ተጫወተው። አኮርዲዮኑ እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ማሽኑ ሳይዛነፍ ይመታል፤ ውበቱ የሁለቱ አለመመሳሰል ላይ ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፤ ኃይሉ ግን ታክሲ መንዳት ያዘ። ደንበኛ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘና በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

ያማሃ ከኪቦርድ አልፎ ሰው ሠራሽ ዘፋኝም ሠርቷል። «ቮካሎይድ» ይባላል፤ ግጥምና ዜማ ሲሰጡት ኮምፒዩተሩ ይዘፍናል። በ2007 ክሪፕተን የተባለ የሳፖሮ ኩባንያ በዚሁ ዘዴ ሃትሱኔ ሚኩ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ዘፋኝ አወጣ፤ ድምፁ የተወሰደው ከተዋናይት ሳኪ ፉጂታ ነው። የሚኩ ሥዕል ላይ ልብሷንና እጅጌዋን ልብ ይበሉ፦ ቀለሙና ቁልፎቹ የተቀዱት ከዚያችው ከ«ዲኤክስ 7» ነው።

አያሴ የሚባል ወጣት በዚሁ ሰው ሠራሽ ድምፅ ዘፈኖች ይለቅ ነበር። በ2019 ሶኒ ከዘፋኟ ኢኩራ ጋር አገናኘውና ዮአሶቢ የተባለው የሁለት ሰዎች ቡድን ተወለደ። ሥራቸው ልዩ ነው፦ መጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ ይመረጣል፣ ከዚያ ዘፈን ይሆናል። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ሲዲ ሳይታተምለት የ2020 የቢልቦርድ ጃፓን ቀዳሚ ዘፈን ሆነ። የ2023ቱ «አይዶል» ደግሞ አሜሪካን በማይጨምረው የቢልቦርድ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የጃፓንኛ ዘፈን ነው። የማሽኑን ፍጥነት ለምዶ ያደገ አቀናባሪ ሐረጎቹን ትንፋሽ እስኪያሳጥር ያጣድፋል፤ ኢኩራ ግን አንዲት ቃል ሳትውጥ ትወጣዋለች። ለዚህ ነው የማደንቃት።

ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ያለ ጆሮ ባለአምስት ድምፅ ዜማ ይወዳል። ሱዳናዊው መሐመድ ዋርዲ በ1990 ጋምቤላ ኢታንግ ውስጥ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሲዘፍን በርካታ አሥር ሺዎች መሰብሰባቸው የዚያ ፍቅር ምስክር ነው። ጃፓኖችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ዝምድናው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ጥብቅ ነው።

ኪቦርድ ካለ ነጩን ቁልፍ ብቻ ይዘው ይሞክሩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢሉ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ጃፓኖች ዮናኑኪ የሚሉት ቅኝትም ይኸው ነው። በ1963 የአሜሪካን ሠንጠረዥ የመራው የኪዩ ሳካሞቶ «ሱኪያኪ» በአመዛኙ በእሱ ነው የሚሄደው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ እንካ የሚባለው የጃፓን ዘፈን ዘፋኞች እንጉርጉሮ የሚያወርዱበት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ ቢጀምሯቸው፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ አምባሰል ይወጣል፤ ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ የሚደረድሩት ሚያኮቡሺ ይሉታል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ደግሞ ባቲ ነው፤ በኦኪናዋ ደሴቶች የሰርክ ዜማቸው ነው። ወሎ ስሙን የሰጠው ቅኝት ከፓስፊክ ዳርቻ ሲሰማ ልብ ይሞላል።

አራተኛው ቅኝታችን አንቺ ሆዬ ግን በነጭ ቁልፍ ብቻ ከየትም ቢጀምሩት አይወጣም፤ ጥቁሩን መንካት የግድ ነው።