ጠጁ እምቢ ሲል ውሃውን አንክሰስ



ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በየድግሱ የምንሰማው ጨዋታ ነው። በስደት የተጣለ ጠጅ አልፈላ ሲል ወይም ሲኮመጥጥ በባዕድ አገር ውሃ ይመካኛል። እናቶቻችን በዓይናቸው ለክተው፣ በአፍንጫቸው አሽትተው የሚያውቁትን እኛ ባለ ዲግሪዎቹ የአገር ቤት ምስጢር ነው ብለን እናልፈዋለን። እንደ መሐንዲስ ሳየው ግን ነገሩ ያልተጻፈ ዕውቀት ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

መጀመሪያ ልኩን እንይ። የተለመደው አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። በአራት ሊትር ውሃ ብንበርዘው በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ 220 ግራም ያህል ስኳር ይኖራል። አንድ በመቶ አልኮል ለማውጣት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚበቃ፣ ሁሉም ቢብላላ አልኮሉ 13 በመቶ ይደርሳል። በሦስት ሊትር ከሆነ ስሌቱ ከ16 በመቶ ያልፋል፤ እርሾው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ስለሚደክም ጠጁ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ጌሾው ነው። ጌሾን በጓሮ ማብቀል ይቻላል። የደጋና የወይና ደጋ ቁጥቋጦ ስለሆነ ቀላል ብርድ ይችላል፤ ክረምቱ በሚበረታበት አገር በአበባ መትከያ ተተክሎ በረዶ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል። ለጠጅ በአብዛኛው የሚፈለገው እንጨቱ ነው፤ ተቆርጦ ይደርቅና ይከተከታል። ምሬቱ የሚመጣው ጌሾይዲን ከተባለ ውህድ ነው። ነገር ግን ጌሾ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ እርሾም ተሸክሞ ይመጣል። ጥሬ ማርም እንዲሁ። እንግዲህ በፋብሪካ የተሞቀ ማር፣ በደንብ የተቀቀለ ጌሾና ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ሲገናኙ እርሾው ከየት ይምጣ? ውሃው ቢያጠፋ እንኳ በክሎሪኑ እንጂ በባዕድነቱ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝና ያልተሞቀ ማር መፈለግ ነው። ብርዙ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። አረፋ ማውጣት ሲጀምር ጌሾው ይጨመር፤ ከፊሉ ይቀቀልና ይቀዝቅዝ፣ ከፊሉ ግን ጥሬውን ይግባ። በሞቃት ወቅት በአምስት ቀን ገደማ ይደርሳል፤ በብርድ እስከ 20 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ይጠለላል። ገና የሚፈላ ጠጅ በጠርሙስ ተጠብቆ ከተከደነ ግን ጋዙ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ዕቃው ንጹሕ ይሁን። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ጠጅ የሚያኮመጥጡ ተህዋስያንን ያዳክማል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ለራሱ ፍጆታ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ እንዲጥል ይፈቀዳል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። አልኮል በተከለከለባቸው የገልፍ አገሮች ያላችሁ ብርዙን በተበረዘበት ቀን ጠጡት።

እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ። የእነርሱ እጅ የሚያውቀውን የእኛ ብዕር ካልጻፈው፣ ልጆቻችን የሚወርሱት የጠጅ ዝና ብቻ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።