ስምንተኛው ሺህና የዘመኑ ወሬ

በቡታጅራ ገበያ የበርበሬ ዋጋ ከአምናው እጥፍ ሆኖ ሲገኝ፣ በወልቂጤ መናኸሪያ ልጅ አባቱን በሰው ፊት ሲዘልፍ ሲሰማ፣ ወይም ዝናሙ በሐምሌ ቀርቶ በኅዳር በአዝመራው ላይ ሲወርድ፣ ከቆሙት ሽማግሎች አንዱ ራሱን እየነቀነቀ «እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው» ሳይል አይቀርም። ስለ ፍጻሜ ዘመን የተጻፈውን ትንቢት ክርስቲያኖች እንዴት በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚተረጉሙት፣ ከየዕለቱም ወሬ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙት ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ ሩቅ ከመሄዱ በፊት ይህን በጆሮው ያደገውን አነጋገር ቢመረምር ይጠቅመዋል፤ አገራችን የቀጠሮውን ዓመት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አሳልፋ፣ ከዚያም ወዲህ በጸሎትና በእርሻ የኖረች አገር ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ይቆጠራል፤ በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ስለዚህ 2018 ዓ.ም. 7518 ዓመተ ዓለም ነው። እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ፣ በእርሱም ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው የሚለውን ንባብ አጋጥመው የዓለም ዕድሜ ሰባት ሺህ ነው ብለው ያሰቡ አበው፣ ሰባተኛው ሺህ በ1500 ዓ.ም. እንደሚፈጸም ያውቁ ነበር። ዐፄ ናዖድም ስምንተኛውን ሺህ እንዳያሳያቸው ፈጣሪያቸውን ይለምኑ ነበር ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ እርሳቸውም በ1500 ዓ.ም. በነሐሴ፣ ሰባተኛው ሺህ ሊፈጸም የአንድ ወር ያህል ሲቀረው ዐረፉ። ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ጦርነት ድል በሆኑ ጊዜ፣ ከዚያም አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ንጉሡ ራሳቸው ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ፣ የተፈራው ሁሉ የደረሰ መምሰሉ አያስደንቅም። ዓለም ግን አላለፈችም።

እንዲህ ያለው ቀጠሮ በእኛ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የቁስጥንጥንያን አቆጣጠር የተከተሉት ሩስያውያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5508 ዓመት ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመባቸው በ1492 እ.ኤ.አ. ማለትም ከእኛ 16 ዓመት ቀድሞ ነው፤ የፋሲካውን ሰሌዳ ከዚያ ዓመት አሳልፈው ሳያዘጋጁ ቆይተው፣ ዓመቱ በሰላም ሲያልፍ የሞስኮው ሊቀ ጳጳስ ዞሲማ አዲስ ሰሌዳ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ሰባት ሺህ፣ ሁለት የተለያየ ቀጠሮ፤ አይሁድ ደግሞ በራሳቸው አቆጣጠር ወደ ሰባተኛው ሺህ ገና አልገቡም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የቤተ ክርስቲያን አኗኗር ነው። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ትምህርተ ምጽአትን አልተወችውም፤ ይልቁንም በየዓመቱ በዐቢይ ጾም በአምስተኛው ሰንበት፣ ደብረ ዘይት በሚባለው ዕለት፣ ጌታ ስለ መጨረሻው ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸውን ወንጌል እያነበበች ምእመናን ተዘጋጅተው እንዲኖሩ ትመክራለች።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንግባ። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከየንግዱ ሥፍራ ወደ አገሩ የገባ የጉራጌ ቤተሰብ በክትፎው ገበታ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ታላቁ ወንድም ምድረ ከብድን ተሳልሞ የመጣ ኦርቶዶክስ፣ መካከለኛው በእምድብር በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ታናሹ የሙሉ ወንጌል አማኝ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሦስቱም ክርስቶስ በክብር ይመጣል፣ ሙታን ይነሣሉ፣ ፍርድ ይሆናል ብለው ያምናሉ፤ የሚለያዩት በቅደም ተከተሉ፣ ይልቁንም በራእየ ዮሐንስ በ20ኛው ምዕራፍ ስለ ተጻፈው ሺህ ዓመት ነው። በጥንት ዘመን እነ ዮስጢኖስ ሰማዕትና እነ ሄሬኔዎስ ጌታ ከመጣ በኋላ ከቅዱሳን ጋር ሺህ ዓመት በምድር ይነግሣል ብለው ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ ግን አውግስጢኖስ በስፋት እንዳብራራው፣ ሺሁ ዓመት ከክርስቶስ የማዳን ሥራ እስከ ዳግም ምጽአቱ ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ምሳሌ ነው የሚለው ትርጓሜ በረታ። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ወንድማማች በብዙ ነገር ሲከራከሩ ቢያመሹም፣ ከምጽአት በኋላ ሌላ ምድራዊ የሺህ ዓመት መንግሥት ባለመጠበቅ ይስማማሉ።

ታናሹ የሚሰማው ስብከት ብዙ ጊዜ ከሌላ ምንጭ የመነጨ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዳርቢ የተባለው ሰባኪ፣ ከእርሱም በኋላ በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ወደ ሰማይ ትነጠቃለች፣ ከዚያ ሰባት የመከራ ዓመታት ይሆናሉ፣ ከዚያም ጌታ ወርዶ ሺህ ዓመት ይነግሣል የሚለውን ትምህርት በሰሜን አሜሪካ አስፋፉ። በ1920 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብተው ከቡታጅራ በታች በሆሳዕናና በወላይታ ያስተማሩት ሚሲዮናውያንም የመጡት ይህ አሳብ ከተስፋፋበት ወገን ነው። ሆኖም «ፕሮቴስታንት ሁሉ እንዲህ ያምናል» ማለት ስሕተት ነው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ከ1530 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅዱሳን ከትንሣኤ ሙታን በፊት በምድር ይነግሣሉ የሚለውን አሳብ ነቅፎ ጽፎአልና። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት የወንጌላውያን ጉባኤያት በዚህ ነገር ከመጠነኛው በላይ ሊራራቁ ይችላሉ።

ከሺሁ ዓመት ይልቅ ግን የገበያውንና የቤቱን ወሬ የያዘው በራእየ ዮሐንስ የተጻፈው የአውሬው ቁጥር፣ 666፣ ነው። «ጋሼ፣ ፋይዳ 666 ነው ይላሉ፤ ልመዝገብ ወይስ ልተው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው ሰምቶአል፤ ከዚያም በፊት በኮሮና ጊዜ ስለ ክትባቱ ይኸው ይባል ነበር፤ ከዚያም በፊት ስለ ባርኮድ። አንባቢ አንድ የሳሙና ወይም የብስኩት መጠቅለያ አንሥቶ ባርኮዱን ቀርቦ ይመልከት፦ በግራ ጠርዝ፣ በመካከልና በቀኝ ጠርዝ ከሌሎቹ ረዘም ያሉ ሁለት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ እነዚህ በመልካቸው 6ን ከምታመለክተው መስመር ጋር ስለሚቀራረቡ «ሦስት ስድስት ተደብቆአል» ተባለ። ነገር ግን መስመሮቹ ምንም ቁጥር አይወክሉም፤ ሥራቸው የሚያነበው መሣሪያ ከየት እንዲጀምር፣ የት እንዲከፍልና የት እንዲያበቃ ማሳየት ነው። ፋይዳ የተባለው የመንግሥት መታወቂያ መለያም ባለ 12 አኀዝ ቁጥር ነው፤ ምዝገባው የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። መንግሥት ይህን ያህል የሰውነት መረጃ መያዙ እንዴት ይጠበቃል ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ ይህ ግን የሕግና የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ራእየ ዮሐንስ በ13ኛው ምዕራፍ ምልክቱን የሚያያይዘው ለአውሬው ከመስገድ ጋር ነውና፣ ሳያመልክና ሳያውቅ በመታወቂያ ምክንያት ነፍሱን ያጣ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ቀጥሎም የ14ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ስለ ሌላ ጽሕፈት፣ በቅዱሳን ግንባር ላይ ስለ ተጻፈው የበጉና የአባቱ ስም ይናገራል፤ ፈሪዎቹ ይህን ሲያወሩ አለመሰማታቸው ያሳዝነኛል።

ቁጥሩን ለመፍታት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው። የኔሮን ቄሣር ስም በዕብራይስጥ ፊደል ሲቆጠር 666 ስለሚሆን፣ ትንቢቱ በመጀመሪያ ስለዚያ አሳዳጅ ዘመን ተነገረ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂ 616 ተብሎ መጻፉንም ይጠቅሳሉ። ሄሬኔዎስ በ180 እ.ኤ.አ. ገደማ ሊስማሙ የሚችሉ ስሞችን ቆጥሮ ሲያበቃ፣ ትንቢቱ እስኪፈጸም መታገሥ ስም እየገመቱ ከመናገር ይልቅ እንደሚሻል መክሮ ነበር። ምክሩ በብዙ ዘመን አልተሰማም።

ስለ ጎግና ማጎግም እንዲሁ ነው። ትንቢተ ሕዝቅኤል በ38ኛው ምዕራፍ ከጎግ ጋር ከሚዘምቱት መካከል ፋርስንና ኢትዮጵያን ይጠራል። በኅዳር 1971 ዓ.ም. ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረም፣ በዚያው ዓመት በየካቲት በፋርስ አብዮት ድል ሲያደርግ፣ ጎግ ማለት ሩስያ ናት ብለው ለሚያስተምሩት የምዕራብ ጸሐፍት ማስረጃው ከዚህ የተሟላ አይመስልም ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በ1984 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ከእነዚያ ጸሐፍት ቀደም ሲል አምብሮስዮስ ጎግን ጎጦች፣ ሉተር ቱርኮች ብለው ነበር፤ እያንዳንዱ ትውልድ በጊዜው የሚያስፈራውን ሕዝብ በስሙ ሥር ጻፈ። እዚህ ላይ የእኛን ከተሞች የሚነካ ነገር አለ፦ በቡታጅራና በወልቂጤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዕድርና በገበያ አብሮ የሚኖር፣ በሠርግና በልቅሶ የማይለያይ ሕዝብ ሲሆን፣ የሩቅ አገር ሰባኪ የሙስሊሙን ጎረቤት የጎግ ሠራዊት ብሎ የሰየመበትን ንግግር ተርጉሞ ማሰራጨት በአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው መበደል ነው። ያ ጎረቤት በበኩሉ በሃይማኖቱ የያእጁጅና የማእጁጅን መውጣት፣ የደጃልን ማሳሳትና የዒሳን መመለስ እየጠበቀ፣ የፍርዱን ቀን የሚፈራ ሰው ነው።

በአንጻሩ ራእየ ዮሐንስ ለተሰደደ ሰው ያለው ጥቅም ሊዘነጋ አይገባም። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተሸሽገው ይሰበሰቡ የነበሩ ወንጌላውያን፣ በእስያ ለነበሩት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የተላከውን መጽሐፍ እንደ ዓመት ማስሊያ አድርገው አልያዙትም፤ አሳዳጁ ኃይል ሁሉ እንደሚያልፍ የሚያጽናና መልእክት ሆኖላቸዋል፤ ጸሐፊውም በፍጥሞ ደሴት ሆኖ ለሰባቱ ሲጽፍ ከመከራቸው ተካፋይ ነበርና፣ ወደ መጀመሪያው አሳብ የቀረበ አነባበብ ይህ ይመስለኛል።

ከቅርቡ ወሬ የሚበዛው የዓባይ ጉዳይ ነው። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ትንቢተ ኢሳይያስ በ19ኛው ምዕራፍ የግብፅ ወንዝ ይደርቃል ያለው ተፈጸመ የሚሉ ነበሩ፤ ይህን መናገር ለግድቡም ለትንቢቱም ክብር አይሆንም፤ ግድቡ የተሠራው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እንጂ ወንዙን ለማድረቅ አይደለምና። ነቢዩ የተናገረው አሦር ግብፅን በሚያስፈራራበት ዘመን ነበር፤ የአሦርም ንጉሥ ኋላ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ671 ዓመት ግብፅን ወርሮ ይዞአል። ምዕራፉ ግን በድርቁ አያበቃም፤ ቁጥር 5ን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች እስከ ቁጥር 25 ቢዘልቁ፣ ከግብፅ ወደ አሦር መንገድ እንደሚከፈት፣ ሁለቱ ባላንጣዎች ከእስራኤል ጋር ሦስተኛ ሆነው አብረው እንደሚያመልኩ፣ እግዚአብሔርም ግብፅን ሕዝቤ ብሎ እንደሚባርካት ያገኙ ነበር።