በወንዝ ዳር ጠጠር ሲቆፈር ጎርፉ ወዴት ይሄዳል?

ከሮም በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በጣሊያን ለሚኖሩ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች እንግዳ ስም አይደለችም። እስከ አውሮፓውያኑ 2019 መጀመሪያ ድረስ የጥገኝነት ጠያቂዎች መቀበያ ማዕከል ነበረባት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በመጋቢት 2016፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ የስደተኞችን እግር ያጠቡት በዚሁ ማዕከል ነው። እግራቸው ከታጠበው መካከል ሦስት ኤርትራውያን ሴቶች ይገኙበታል።

ከከተማዋ ኮረብታ ሥር የተዘረጋው የቲቤር ሸለቆ ደግሞ ሮምን ከጎርፍ ከሚታደጉት ሜዳዎች አንዱ ነው። ለግንባታ የሚፈለገው አሸዋና ጠጠር የሚገኘውም ወንዞች ለዘመናት ደለላቸውን ባራገፉባቸው በእንዲህ ያሉ ሜዳዎች ነው።

ሜዳው ለምን ይጠበቃል?

405 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ቲቤር በታኅሣሥ 1870 ሞልቶ ሮምን ሲያጥለቀልቅ፣ በከተማዋ በሚገኘው የሪፔታ መለኪያ ከፍታው 17 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ ግዙፍ የድንጋይ ግንቦች ተገነቡ። ይሁንና ግንቡ የሚያግዘው የመጣው ውሃ ሳይፈስ እንዲያልፍ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ምን ያህል ውሃ እንደሚደርስ የሚወስነው ከከተማዋ በላይ ያለው ሸለቆ ነው።

በዚህም ምክንያት የጣሊያን መንግሥት በ1998 ከኦርቴ እስከ ካስቴል ጁቢሌዮ ያለውን የወንዙን ክፍል የሚመለከት ዕቅድ አጸደቀ። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶም በዚሁ ክልል ውስጥ ትገኛለች። ዓላማው ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ በግንባታ እንዳይያዝ መጠበቅ ነው። ውሃው በሜዳው ላይ ሲንጣለል የጎርፉ ጉልበት ይቀንሳል፤ ወደ ከተማዋም ዘግይቶ ይደርሳል።

ቁፋሮው ምን ይለውጣል?

ጉድጓድ ተጨማሪ ውሃ ይይዛልና ቁፋሮ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የደረሰ ጉድጓድ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት አብዛኛው ክፍሉ ተሞልቷል። በዙሪያው የሚከመረው አፈርና ጠጠር ደግሞ የውሃውን መንገድ ዘግቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገፋዋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ወንዙን ከጉድጓዱ የሚለየው ጠባብ መሬት የተደረመሰ እንደሆነ ነው። ወንዙ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ወለሉ ወደ ላይኛው አቅጣጫ እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ የድልድይ ምሰሶዎች መሠረትም ሊጋለጥ ይችላል። ደለሉ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚቀር ከታች ያሉት ዳርቻዎችም መሸርሸር ይጀምራሉ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ በወንዙና በቁፋሮው መካከል በቂ ስፋት ያለው ያልተነካ መሬት መተው ነው። ክምሩ የጎርፉን አቅጣጫ አቋርጦ መቆም የለበትም፤ ፍሰቱን ተከትሎ፣ በመሐሉ መተላለፊያ እየተተወ መደርደር አለበት። ነዳጅና ማሽኖች ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣሉ።

ፍሳሽን በተመለከተ ዋናው ነገር ንጹሑን ከድፍርሱ መለየት ነው። ከውጭ የሚመጣው የዝናብ ውሃ በቦይ ተቀልብሶ ቁፋሮውን ዞሮ ያልፋል። ከጠጠር ማጠቢያው የሚወጣው ድፍርስ ውሃ ደግሞ ጭቃው እስኪዘቅጥ በኩሬዎች ይቆያል። ኩሬዎቹ በየጊዜው ካልተጠረጉ ግን ጭቃው ተመልሶ ወንዙን ያገኘዋል። ጉድጓዱን ለማድረቅ ውሃ የሚሳብ ከሆነ፣ የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ እንዳይሸሽ ክትትል ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያስ?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚለው ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ገደማ አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል። ግንባታ በተስፋፋባቸው የኢትዮጵያ ከተሞች ዙሪያም ከወንዞች አሸዋ ማውጣት የብዙዎች መተዳደሪያ ነው።

አብዛኛውን ዓመት ደረቅ የሆነ ወንዝ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይታለች። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። መንስኤው ከላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ነበር። ጉዳቱ ግን ደረቅ ወንዝ የጎርፍ መንገድ መሆኑ እንደማይቀር አሳይቷል።

ኢትዮጵያ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አውጥታለች። የቁፋሮ ፈቃድ ሲጠየቅ የአካባቢው ነዋሪዎች ሊያነሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም ግልጽ ናቸው፦ በክረምት ውሃው በየት ያልፋል? ክምሩ የት ይሆናል? ሥራው ሲያበቃ ጉድጓዱን የሚያስተካክለው ማን ነው? ወጪውስ አስቀድሞ ተይዟል?