ፊርማ የሌለው የጦርነት ሥዕል እንዴት ይነበባል?

ወንድሜ ሆይ፥ ከምናለሽ ተራ ፊርማም ጽሕፈትም የሌለው አሮጌ የጦርነት ሥዕል ብታገኝ፥ ቦታውን በተራራው ቅርጽ አትፈልገው፤ የአገራችን ሠዓሊ ለተራራ ብዙ አይጨነቅም። ይልቅስ ዓይን ቍጠር። በቆየው ልማድ ወዳጅ ፊቱን መልሶ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፤ ጠላት ግን በጐኑ፥ ባንድ ዓይን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፥ ከታች ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፥ እቴጌ ጣይቱም ሽጉጥ ይዘው ከታዩ፥ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው የዐድዋ ጦርነት ነው፤ ዕለቱም የጊዮርጊስ ነበረ።

ከከላላና ከመካነ ሰላም ለመጣነው ግን ጭንቁ ሌላ ነው። በሁለቱም ወገን ያገር ሰው ከተሰለፈ ሥዕሉ ምናልባት ሰገሌ ይሆናል፤ ይህም ሠዓሊዎች የወደዱት አርእስት ነው። በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ የመሩት ራስ ሚካኤል፥ ኋላ ንጉሥ ተብለው፥ ከሥልጣን ለተሻረው ልጃቸው ለኢያሱ ሲዋጉ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በሚመራው የሸዋ ጦር ድል ሆነው ተማረኩ። የወሎ ሰው በዐድዋው ሥዕል ሁለት ዓይን አለው። በሰገሌው ስንት እንደ ተሰጠው ሒሳቡን ከመክፈልህ በፊት ተመልከት፤ ሠዓሊው፥ ወይም ሥዕሉን ያዘዘው ሰው፥ የማን ወገን እንደ ነበረ ምናልባት በዚያ ትለየዋለህ።