ጉልበቱ ይከዳዋል ወይስ አይከዳውም?

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ደወለና «እትዬ፣ የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን ላስቀድም እንዴ?» አለኝ። የ20 ዓመት ልጁ ኳስ ሲጫወት እግሩን ተክሎ ሲዞር ጉልበቱ «ቋ» ብሎ ጮኸ፤ እስኪመሽም አበጠ። በኤምአርአይ ሲታይ የፊተኛው አቋራጭ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ተባለ። ቤተሰቡ የተበጠሰ ነገር ካልተሰፋ አይሆንም ብሎ ደመደመ። እናቱ ደግሞ ወጌሻ ጋ ልትወስደው ተነሥታ ነበር። ያበጠ ጉልበት አይታሽም፤ አጥንትም ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ራጅ ይነሣል።

እኔም ነርስ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዘመን እንደ እነሱ ነበር የማስበው። ይህ ጅማት የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር ያያይዛል፤ በይበልጥ የሚፈለገው ግን ድንገት ለመዞርና ዘሎ ለማረፍ ነው። የጭናቸውን ጡንቻ አጠንክረው ያለ እሱ ደህና የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ቀዶ ሕክምናውም ብዙውን ጊዜ መስፋት አይደለም፤ ከታካሚው ከራሱ ሌላ ጅማት ተወስዶ ይተካል። ከዚያም በኋላ የወራት ስፖርት አለ፤ ከ9 ወር በፊት ወደ ኳስ መመለስ አይመከርም።

በስዊድን 121 ወጣቶች የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ የቀሩት በፊዚዮቴራፒ ጀምረው፣ ካስፈለጋቸው ብቻ እንዲሠራላቸው ተደረገ። ከ5 ዓመት በኋላ ከሁለተኞቹ ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ የሁለቱም ወገን ጉልበት ሲመዘን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ስለዚህ ወንድሜን «ፎቶውን ተወውና ልጁን ጠይቀው፤ ደረጃ ሲወርድ፣ ሲዞር ጉልበቱ ይከዳዋል?» አልኩት። እየደጋገመ የሚከዳ ጉልበት በውስጡ እንደ ትራስ የተነጠፈውን ሜኒስከስ ይቀደዋል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና ተገቢ ነው። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም የተጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፤ በቶሎ ለአጥንት ስፔሻሊስት ይታይ። ከዚህ ውጪ እብጠቱ እስኪቀንስና እግሩ በደንብ እስኪዘረጋ መታገሥ ለቀዶ ሕክምናውም ይጠቅማል። በደረቀ ጉልበት ላይ ቢሠራ ደርቆ የመቅረት አደጋ አለው።

ልጁ 3 ወር ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰ። መጀመሪያ ያማርር ነበር፤ «ይሄ እግር ማንሣት ምን ሕክምና ነው?» ይላል። በመንገድም በደረጃም ጉልበቱ አልከዳውም። በሐኪሙ ፈቃድ ኳስ ሲሞክር ግን ሁለቴ ከዳው። ቢሮ ለሚውል ሰው፣ ወይም እንደ እኔ ላለች ጡረተኛ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ኳስ አልተውም አለ፤ አባቱና ሐኪሙ ባሉበት ቀዶ ሕክምናውን ራሱ መረጠ። በመካከሉ የወንድሜ የዕቁብ ዕጣ ያለ ልመና ደርሶት ነበር።