ያልተከፈለ ዕዳና አዲስ ካርድ

አሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ጋር ስለ ኑሮ ያወጋ ሰው አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም፤ የድሮው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቷል፣ አሁን ሌላ ካርድ ይሰጠኛልን? አገር ቤት ላለን ሰዎች ነገሩ ቅንጦት ይመስለን ይሆናል። በዚያ አገር ግን ቤት አከራዩ ሳይቀር የተከራዩን የብድር ታሪክ ያያል።

ዕዳው ለስድስት ወር ያህል ሳይከፈል ከቆየ ባንኩ በሂሳቡ ላይ እንደ ኪሳራ ይመዘግበዋል። ብዙዎች ይህን ምሕረት አድርገው ይወስዱታል፤ አይደለም። ባንኩ ብዙ ጊዜ ዕዳውን በርካሽ ለሰብሳቢ ድርጅት ይሸጠዋል፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉት መዝጋቢዎችም ታሪኩን ይይዛሉ። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን መጥፎ መዝገብ ባጠቃላይ ከ7 ዓመት በላይ እንዳያቆዩ ያዛል። የመክሠር ውሳኔ ግን እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ቢሸጥም የ7 ዓመቱ ቆጠራ እንደገና አይጀምርም።

ለክስ የተወሰነው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው። እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ከ3 እስከ 6 ዓመት ነው። በብዙ ቦታ ጥቂት ዶላር መክፈል ብቻ ይህንን ቆጠራ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ስለዚህ በስልክ ለሚያጣድፍ ሰብሳቢ መልሱ «በጽሑፍ ላክልኝ» ነው። በ1977 በወጣው ሕግ መሠረት ማስታወቂያው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የተቃወመ ሰው ማረጋገጫ እስኪላክለት ድረስ ሰብሳቢው መሰብሰቡን ያቆማል።

እዚህ ላይ ሕጉና ዲናችን ይለያያሉ። በ7 ዓመት የሚጠፋው መዝገቡ ነው እንጂ የሰው ሐቅ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ በነበረበት ሰው ጀናዛ ላይ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ የሰገዱት አቡ ቀታዳ ዕዳውን ከተሸከሙለት በኋላ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የመክሰሻው ጊዜ አለፈ ብሎ እፎይ ማለት ለሙስሊም የሚበቃ አይመስለንም። አቅም ያለው ተደራድሮ ይክፈል፣ ስምምነቱንም አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። ከ600 ዶላር ጀምሮ የተተወ ዕዳ ብዙውን ጊዜ 1099-ሲ በተባለው ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤት እንደሚገለጽና እንደ ገቢ ሊቆጠር እንደሚችልም ይወቅ።

አዲስ ካርድ ለሚፈልግ በተለምዶ የሚቀርበው በመያዣ የሚሰጠው ካርድ ነው። አመልካቹ 200 ወይም 300 ዶላር ያስይዛል፣ የሚፈቀድለትም መጠን ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያህል ነው። አንዳንዶች «የማወጣው የራሴን ገንዘብ ነውና ወለድ የለበትም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የተቀመጠው ገንዘብ መያዣ ነው፤ በየወሩ የሚወጣው የባንኩ ብድር ነው፣ ካልተከፈለም ወለድ ይታሰብበታል። ከራስ ሂሳብ በቀጥታ የሚቀንሰው ዴቢት ካርድ ወለድ የለበትም፤ ግን በብድር ታሪክ ላይ አይመዘገብም።

ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ2000 ሪያድ ላይ፣ በውሉ የወለድ ግዴታ ያለበትን የብድር ካርድ፣ ያዢው በጊዜው ሊከፍል ቢያስብ እንኳ፣ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ችግር ሲኖርና ሙሉውን በጊዜው መክፈል ሲረጋገጥ የሚፈቅዱ ዑለማእም አሉ። አንባቢ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ይህን ሁለተኛ አስተያየት ለሚከተል ሰው፣ የወሩ ሂሳብ ቢያንስ ከመክፈያው ቀን 21 ቀን ቀደም ብሎ እንደሚላክ ማወቅ ይጠቅመዋል። በፊኮ ስሌት፣ ከ300 እስከ 850 ከሚሰጠው ነጥብ 35 በመቶው በጊዜ በመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ በቀሪው ዕዳ መጠን ይወሰናል።

በእኛ ግምት ግን በመጀመሪያው ካርድ የተሰናከለ ሰው ለሁለተኛው አይጣደፍ። ከሦስቱም መዝጋቢዎች በየሳምንቱ ያለ ክፍያ የሚገኘውን መዝገብ አስቀድሞ ይመርምር፤ የእርሱ ያልሆነ ዕዳ ሊገኝበት ይችላል። አንዳንድ አከራዮችም ኪራይ በወቅቱ መከፈሉን ለመዝጋቢዎቹ ያሳውቃሉና፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ይጠይቅ።